ለሙአለ ህፃናት የ15 ደቂቃ ትምህርት ማቀድ፦ ከተማሪው ዓምድ ጀምሩ

የዕለት ትምህርት እቅድ ቅፅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ርዕስ፣ ዓላማ፣ ይዘት፣ ጊዜ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሳሪያ፣ ግምገማ። አብዛኛው ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይሞላዋል። የተማሪው ተግባር ላይ ሲደርስ እጁ ዝሏል። «ያዳምጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይጽፋሉ» ብሎ ያልፋል። ርዕሰ መምህሩም ይፈርማል። ችግሩ የሚመጣው ክፍል ውስጥ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ያዳምጣል፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ። ከዚያ የጎረቤቱን ምሳ ዕቃ ከፍቶ ያያል።

እዚህ የምነግራችሁ ቅፁን ከዚያችው ከተማሪው ዓምድ ጀምሮ ስለ መሙላት ነው። ምሳሌዎቹን ያመጣሁት ከባህር ዳርና ከጣና ዳርቻ ነው። ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ባጃጅ፣ ዘንባባ፣ አሳ፣ ታንኳና የተጠበሰ በቆሎ ስለሆነ ከሌላ ቦታ ምሳሌ መዋስ አያስፈልግም።

1. አንድ ነገር ምረጡ፤ ከዚያ ደግሞ ቀንሱለት

«ፊደል ማስተማር» የአንድ ቀን ርዕስ አይደለም። የፊደል ገበታው 33 ፊደላት በ7 ድምፅ፣ በድምሩ 231 ነው። «የበ ቤተሰብ»ም ቢሆን ለአንድ ትምህርት ሰባት አዲስ ነገር ነው፣ ይበዛል። «በን ከሌሎች ፊደላት ለይቶ ማወቅ» ግን ለአንድ ቀን ይበቃል።

ዓላማችሁን «ልጁ…» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ሲያደርግ በዓይኔ ላየው እችላለሁ? «ልጁ ስለ ውሃ ይረዳል» አይታይም። «ልጁ ከስድስት ዕቃዎች ውስጥ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉትን ለይቶ በአንድ በኩል ያስቀምጣል» ይታያል። የማይታይ ዓላማ ከጻፋችሁ በኋላ ግምገማ የሚለው ዓምድ ላይ የምትጽፉት ያጣችሁታል።

2. የተማሪውን ዓምድ መጀመሪያ ሙሉ

ዋናው ሥራ ይኼ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። እዚህ ዓምድ ውስጥ የሚገባ ግስ እጅ ወይም እግር የሚፈልግ ይሁን። ይለያል፣ ይደረድራል፣ ይጠቁማል፣ ይቀዳል፣ ይዘላል፣ ይቀድዳል፣ ያጣብቃል፣ ይጠፈጥፋል። «ያዳምጣል» የሚለውን ሰርዙት። ማዳመጡ አይቀርም፣ ግን ልጁ እጁ ሥራ ላይ እያለ ያዳምጥ።

ቀጥሎ የምታዩት ወረፋውን ነው። «ተራ በተራ ወጥተው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ» የሚለውን ሐረግ በየእቅዱ ታገኙታላችሁ። እስቲ እናስላው። ክፍሉ 45 ልጅ ቢኖረው፣ እያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ፣ 22 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ትምህርታችሁ አልቆ 7 ደቂቃ ተኩል ተበደራችሁ ማለት ነው። ያውም አንዱ ልጅ የሠራው ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው፣ የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ነበር። ከዚያ «ልጆቹ ይረብሻሉ» እንላለን። መርሳት የሌለብን፣ የሚረብሹት ሥራ ስላልሰጠናቸው ነው።

ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ፈልጉ። ፊደሉን አየር ላይ በጣት ይጻፉ። ከፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ ጀርባ ላይ ይጻፉ፣ ይሄን በጣም ይወዱታል፣ ትንሽ መንከትከት ይኖራል፣ ተዉአቸው። ግቢው አፈር ከሆነ በእንጨት መሬት ላይ ይጻፉ።

በነገራችን ላይ የቄስ ትምህርት ቤቱ እዚህ ላይ ብልሃት ነበረው። ልጁ ፊደሉን በስንጥር እየጠቆመ ነው የሚጠራው። ድምፅና ጣት አብረው ይሄዳሉ። የቀደመውም ልጅ ጀማሪውን ያስቆጥራል፣ ስለዚህ የኔታ ብቻቸውን አልነበሩም። ከዚያ መውሰድ የሌለብን አንድ ነገር ዜማውን እንደ እውቀት መቁጠር ነው። ልጁ ከሀ እስከ ፐ ያለ ስህተት ያዜምና መሀል ላይ «ይቺ ማናት?» ስትሉት ከሀ ጀምሮ እያዜመ ይደርስባታል። ሁልጊዜ ከመሀል ጠቁሙ።

3. ደቂቃዎቹን ከፋፍሉ

ለ4 ዓመት ልጆች 10 ደቂቃ፣ ለ5 እና ለ6 ዓመት 15 ደቂቃ ቢሆን ጥሩ ነው ብዬ አስባለሁ። የክፍለ ጊዜው ደወል 30 ደቂቃ ቢሰጣችሁ ሁለት አጫጭር ትምህርት አድርጉትና መሀሉን በመዝለልና በመዘርጋት ሙሉት። የ15 ደቂቃው አከፋፈል እንዲህ ቢሆን ይመቻል፦

2 ደቂቃ መክፈቻ። 3 ደቂቃ ማሳያ። 7 ደቂቃ የልጆቹ ሥራ። 3 ደቂቃ መሰብሰቢያና መዝጊያ።

ለመክፈቻ እንቆቅልሽን የሚያህል የለም። «እንቆቅልህ!» ስትሉ ክፍሉ በሙሉ «ምን አውቅልህ!» ይላል፣ ዝም በሉ ማለት ሳያስፈልጋችሁ ሁሉም ወደ እናንተ ዞሯል። «ቤቱ ውሃ፣ ልብሱ ቅርፊት፣ እግር የለው ይሮጣል» በሏቸው። ካላወቁት «አገር ስጡኝ» በሉ። አንዱ ዘጌን ይሰጣችኋል፣ አንዱ ጎንደርን። ተቀብላችሁ መልሱን ንገሩና ግቡ። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ግን ትምህርቱን ይበላዋል። አገር መሰጣጠቱ ስለሚጣፍጣቸው ማቆም አይፈልጉም።

ማሳያው ላይ አጭር ሁኑ። ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ የሚፈልግ ማብራሪያ ካለ ርዕሱ በዝቷል፣ ወደ ቁጥር 1 ተመለሱ።

መሰብሰቢያውን ሰው ይረሳዋል። 45 ልጅ ቆርኪ ይዞ እያለ ደወል ሲደወል ምን እንደሚሆን መገመት ነው። እቅዱ ላይ «ቆርኪ ወደ ጣሳ ይመልሳሉ፣ እየቆጠሩ» ብላችሁ ጻፉ። መሰብሰቡም ልምምድ ይሆናል።

4. ዕቃውን ከአካባቢ ሰብስቡ

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ቆርኪ ከግሮሰሪ ጠይቁ፣ ይሰጣሉ። ካርቶን ከሱቅ። የማዳበሪያ ከረጢት ተቀድዶ ሲዘረጋ ለፊደልና ለሥዕል ከወረቀት ይበልጣል፣ ዝናብም ሆነ የልጅ እጅ ቶሎ አይጎዳውም። አሸዋ በትሪ ላይ በትኑና ልጆቹ በጣት ይጻፉበት። ትንሹ ልጅ እርሳስ ከመያዙ በፊት ጭቃ ቢጠፈጥፍ፣ ወረቀት ቢቀድድ ጣቱ ይጠነክራል። ገና ጣቱ ሳይጠና በእርሳስ ገጽ ሙሉ አስጽፎ ማለፍ ለወላጅ ደስ ይላል እንጂ ለልጁ አይጠቅምም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ባቄላና ሽምብራ ለመቁጠሪያ ይመቻሉ፣ ግን አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባሉ። እርጥበት ሲያገኙ ደግሞ ያብጣሉ። ለትንንሾቹ ቆርኪ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ጠርዙ ያልተበላሸውን መርጣችሁ፣ አፋቸው እንዳይገባ እያያችሁ።

5. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ሰኞ አዲስ ነገር አታስገቡ። ልጁ ከሁለት ቀን ጨዋታ መጥቷል፣ ያለፈውን አስታውሱት። አዲሱ ማክሰኞ ይሁን።

ባህር ዳር በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ትሞቃለች። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከሆነ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ልጆቹ ይፈዛሉ። ፊደልና ቁጥርን ከ2:30 እስከ 4:00 ባለው ጊዜ አስገቡ፣ ተረትና ሥዕሉ ይከተል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የእናንተ ድምፅ አይሰማም። ለዚያ ቀን ድምፅ የማይፈልግ ሥራ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፦ መቅደድ፣ ማጣበቅ፣ መሳል።

ለጥምቀትና ለመስቀል ሰሞን፣ ለኢድም፣ ክፍሉ ይሳሳል። ያን ሳምንት አዲስ ፊደል ብትጀምሩ ግማሹ ልጅ ሲመለስ እንደገና ልትጀምሩ ነው።

ሙሉ ምሳሌ፦ በ እና ልጆቿ

አሁን አንድ ሳምንት ተኩል የሚወስድ ተከታታይ ትምህርት እንሥራ። መጀመሪያ ግን ስለ ቅደም ተከተል። ገበታውን በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል ማዜሙ ይቀጥል፣ ችግር የለውም። ለልምምድ የምትመርጡት ፊደል ግን በቅርፅ የሚራራቅ ይሁን። በ፣ መ፣ ወ አይምታቱም። ለን እና ሰን፣ ተን እና ቀን በአንድ ሳምንት ካስገባችኋቸው ግን ልጁ ያደባልቃቸዋል። አንድ ድምፅ ያላቸውንም፣ ሀን ከሐ እና ከኀ ጋር፣ ሰን ከሠ ጋር፣ ለመለየት አትድከሙ። የአንዱ መታወቅ ለሙአለ ህፃናት ይበቃል።

ማክሰኞ፣ በ። ዓላማው፦ ልጁ ከሦስት ፊደላት መሀል በን ለይቶ ይጠቁማል። መክፈቻው እንቆቅልሽ፣ መልሱ «በቆሎ»። ማሳያው ላይ በቆሎ፣ የበግ ሥዕልና የክፍሉ በር። «በ… በቆሎ። በ… በግ። በ… በር።» ቅርፁን አሳዩ፦ ሁለት እግር፣ አንድ ጣሪያ። የልጆቹ ሥራ በአሸዋ ትሪ ወይም በመሬት ላይ መጻፍ ነው። መዝጊያው ላይ በ፣ መ እና ወ የተጻፈባቸው ሦስት ካርቶኖች በክፍሉ ሦስት ጥግ ይሰቀላሉ። «በ!» ስትሉ ሁሉም ወደ በ ይሄዳል። ማን አውቆ እንደሄደ፣ ማን ሌላውን ተከትሎ እንደሄደ ያስታውቃል።

ረቡዕ፣ አሁንም በ። አዲስ ነገር የለም። ልጆቹ ግቢውን ዞረው በበ የሚጀምር ነገር ይፈልጋሉ። አንዱ «በረንዳ!» ይላል፣ አንዷ «በፍታ!» ብላ ነጠላዋን ትይዛለች። «ባልዲ!» የሚልም አይጠፋም። አትቆጡት። «ቅርብ ነህ፣ እሷ የበ እህት ናት፣ ነገ ትመጣለች» በሉት።

ሐሙስ፣ ባ። ከቡ ያልጀመርኩት በምክንያት ነው። ባህር ዳር ባ ናት፣ ባጃጅ ባ ናት፣ ከተማው ሙሉ ባ የተጻፈበት ምልክት ነው። «ቀኝ እግሯ ረዘመ» በሏቸው፣ ልጆቹም ቀኝ እግራቸውን ይዘርጉ። ሥራው የባጃጅ ጨዋታ ነው። መሬት ላይ በ እና ባ በትልቁ ተጽፈው ተበታትነዋል። ልጆቹ ሹፌር ሆነው ይዞራሉ፣ «ወራጅ አለ!» ስትሉ ባ ላይ ይቆማሉ። 45 ልጅ ካለ ግማሹ ሹፌር፣ ግማሹ ትራፊክ ፖሊስ ይሁን፣ ፖሊሱ ያለ ቦታው የቆመውን ይጠቁማል። ከዚያ ይለዋወጣሉ።

አርብ የሁለቱ መደባለቂያ ይሁን፣ በጭቃ በመጠፍጠፍ። በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ክለሳ። ማክሰኞ ቡ ከቡና ጋር፣ ጭረቱ ቀኝ ጎን ላይ። ረቡዕ ቢ ከቢላዋ ጋር፣ ጭረቱ ቀኝ እግር ስር። ሐሙስ ቤ ከቤት ጋር፣ እግሩ ስር ቀለበት። ብ እና ቦ ይቆዩ፣ ብርቱካንና ቦርሳ ይዘው ሌላ ጊዜ ይመጣሉ።

ጭረቱና ቀለበቱ ላይ መቆየታችሁ በኋላ ይከፍላል። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌ ሲመጡ፣ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ቴ ሲመጡ ያው ምልክት በያው ቦታ ነው፣ ልጁ ራሱ «ቀለበት አለው!» ይላል። ረ እና ፈ ከዚህ መስመር ስለሚወጡ በመጨረሻ ይምጡ።

የእንግሊዝኛ ፊደል የምታስተምሩ ከሆነ በዚያው ቀን አታስገቡት። ለየብቻ ቀን ስጧቸው።

ቁጥር 5፣ ባጭሩ

ለእያንዳንዱ ልጅ 5 ቆርኪ፣ ለ45 ልጅ 225 ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ቆርኪው ከግራ ወደ ቀኝ ሳይንቀሳቀስ ቁጥር አይጠራም። ይህ ሕግ አንዱን ሁለቴ መቁጠርንና መዝለልን ይቀንሳል። ቆጥሮ ሲጨርስ «ስንት ናቸው?» በሉት። «አምስት» ካለ ገብቶታል። እንደገና ከአንድ ጀምሮ ከቆጠረ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገና አልገባውም፣ ወደ 6 አትለፉ።

ሌላም ሞክሩ። አምስቱን ቆርኪ በፊቱ አራርቃችሁ ዘርጉና «አሁንስ በዙ ወይስ ያው ናቸው?» በሉ። ብዙዎቹ «በዙ» ይላሉ። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው የትንንሽ ልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው። ስለዚህ ስህተት ብላችሁ አትከራከሩ። ሰብስቡት፣ ዘርጉት፣ ይቁጠሩት። ዕድሜው ሲደርስ ይገባዋል።

ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል?

ለጣና ልጅ ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ትምህርት አላውቅም። ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ አይቷል። ለምን እንደማይሰምጥ ግን የጠየቀው ሰው ላይኖር ይችላል።

ትምህርቱ ግቢ ውስጥ በሳፋ ይሁን፣ ሐይቁ ዳር አይደለም። ጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ፣ አንድ መምህርት ደግሞ 45 ልጅ ውሃ ዳር ልትጠብቅ አትችልም። ውሃውም ከሐይቁ አይቀዳ፣ የቧንቧ ይሁን። ሲያልቅ ሳፋው ወዲያው ይደፋ።

ዕቃዎቹ፦ ጠጠር፣ ድንች፣ የደንገል ቁራጭ፣ ቆርኪ፣ ሁለት ብርቱካን አንዱ የተላጠ። መጀመሪያ ግምት። «ጠጠር ይሰምጣል የምትሉ በዚህ በኩል ቁሙ፣ ይንሳፈፋል የምትሉ በዚያ።» ሁሉም ወገን ከያዘ በኋላ አንድ ልጅ ይጨምር። ጠጠርና ድንች ይሰምጣሉ። ደንገሉ ይንሳፈፋል። ቁረጡትና ውስጡን ያሳዩአቸው፦ እንደ ስፖንጅ ነው፣ በአየር የተሞላ። ታንኳውን ውሃ ላይ የሚይዘው ይኼ አየር ነው። ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ስለሚከብድም ታንኳውን አውጥተው ያደርቁታል።

ከዚያ ብርቱካኖቹ። ያልተላጠው ይንሳፈፋል፣ የተላጠው ይሰምጣል። ክፍሉ ይጮሃል። ቅርፊቱም ውስጥ አየር አለ በሏቸው። ቆርኪውን ለመጨረሻ አቆዩት፦ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ብታስቀምጡት ይንሳፈፋል፣ ውሃ ሲገባበት ይሰምጣል። እዚህ ላይ ማብራሪያ አትስጡ። «ለምን?» ብላችሁ ተዉት፣ ምሳ ሰዓት ላይም ሲያወሩበት ታገኟቸዋላችሁ።

አንድ ሳፋ ለ45 ልጅ አይበቃም። ክፍሉን በአራት ክፈሉት። አንዱ ቡድን ሳፋው ጋ ከእናንተ ጋር፣ አንዱ ጭቃ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ሥዕል ላይ። በየ10 ደቂቃው ይዙሩ ወይም በየቀኑ አንድ ቡድን ሳፋ ይድረሰው። የኋለኛው ይቀላል፣ ረዳት ለሌላት መምህርት ደግሞ ግድ ነው። ሌሎቹ ሦስት ሥራዎች ልጆቹ ከዚህ በፊት የሚያውቋቸው ይሁኑ፣ አለበለዚያ በየደቂቃው «ሚስ! ሚስ!» እየተባላችሁ ሳፋው ጋ መቆም አትችሉም።

ግምገማ

ፈተና አያስፈልግም። በቀን የ5 ልጆችን ስም እቅዱ ጥግ ላይ ጻፉና ዛሬ እነሱን ብቻ አስተውሉ። 45 ልጅ በ9 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። ያደረገው ላይ ጭረት፣ በእገዛ ያደረገው ላይ ነጥብ፣ ያላደረገው ላይ ባዶ። «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» የሚሉ ቃላት አይጻፉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን መሥራት እንዳለባችሁ አይነግሯችሁም። ከአምስቱ ሦስቱ ባዶ ከሆኑ ነገ ያንኑ ትምህርት በሌላ ሥራ ድገሙት።

ደብተሩ ባዶ የሆነበት ወላጅ

ይህን ካላቀዳችሁለት ሁሉንም ያበላሽባችኋል። ልጁ አሸዋ ላይ ጽፎ፣ ባጃጅ ሆኖ ዞሮ ወደ ቤት ይሄዳል። እናቱ ደብተሩን ትገልጣለች፣ ምንም የለም። «ይኼን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ሲጫወት ይውላል?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ የምታየው ደብተሩን ብቻ ነው። እቅዳችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ለወላጅ የምትልኩት መልእክት። ኮሚኒኬሽን ቡክ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ዛሬ ባን ተምረናል። ማታ ቤት ውስጥ በባ የሚጀምር ሁለት ነገር እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።» ማንበብ ለሚቸግራቸው ወላጆችና አያቶች ልጁን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ በቃል ንገሯቸው። ልጁ እየሰማ ይሁን፤ እነሱ ቢረሱ እሱ ያስታውሳቸዋል።